የፓዌንዴ ሳዋዶጎ የእውነት ስድብ

ጆሮ ያለህ ስማ! ጆሮ የሌለህ ከጎረቤትህ ተዋስ! በሞተር የምትበር፣ በአህያ ጋሪ የምትጎተት፣ በእግርህ የምትኳትን የዋጋዱጉ ሕዝብ ሆይ! የክትትልና ግምገማ ክፍል ረዳት ባለሙያ ረዳት፣ የአውደ ጥናቶች ሁሉ ታዳሚ፣ የአንገት ባጅና የስብሰባ ቦርሳ ባለጸጋ የሆኑት ክቡር ፓዌንዴ ሳዋዶጎ ድህነትን ከምድረ አፍሪካ ነቅለው ለመጣል ቆርጠው ተነስተዋል! ድህነት ጓዙን ጠቅልሎ እንዲወጣ ታዟል! እምቢ ያለ እንደሆነ ግን ክቡርነታቸው በእምቢታው ዙሪያ የባለድርሻ አካላት ምክክር ይጠራሉ፤ ምሳም ይኖራል!

አዋጁ የታወጀው በፓዌንዴ ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ድህነት አልሰማውም። ቢሰማውም አይደነግጥም፤ ከፓዌንዴ ጋር ፒሲ ሰፈር በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት፤ ጠዋትም አብረው ነው የሚነሱት።

ፓዌንዴ ቀጭን ነው። ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት አይወጣም፤ መብራት በጠፋ ቀን ሸሚዙን ከፍራሽ ሥር አስተኝቶ በራሱ ክብደት ይተኩሰዋል። ሶሲዮሎጂ አጥንቶ በተመረቀ ዕለት እናቱ አፍጥጣ አየችውና ጠየቀችው።

«አሁን ሐኪም ሆንክ ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እማ።»

«ጠበቃስ?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

«ስለ ሕዝብ ነው ያጠናሁት።»

«ስለ ሕዝብ እኔም አውቃለሁ፤ ክፉ ነው» አለችና ባሚያዋን መክተፍ ቀጠለች።

ሥራ ሲፈልግ ከርሞ በመጨረሻ አንድ የጉድጓድ ውሃና የሴቶች ጓሮ አትክልት ድርጅት «ተለማማጅ» አድርጎ ተቀበለው። ደመወዝ የለም፤ «ልምድ ታገኛለህ» ተባለ። አገኘም። ትልልቅ ወረቀት በክንዱ አቅፎ ከአዳራሽ አዳራሽ መሮጥን፣ ነጭ እንግዳ ሲናገር አናት መነቅነቅን፣ ከሻይ ዕረፍት የተረፈ ብስኩት ኪስ ውስጥ ሳይሰበር ማሳደርን፣ ይህን ሁሉ ተለማመደ፤ ኋላም የረዳት ባለሙያ ረዳት ተባለ። የሰፈሩ ልጆች በፈረንሳይኛው ፕሮጀክት ለማለት «ፕሮዤ» ብለው ስም አወጡለት። «ፕሮዤ መጣ! ፕሮዤ ሄደ!» እሱ ግን ስሙን ወደደው፤ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ሲጠራህ ሹመት ይመስላል።

በዚህ ሙያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍጡር አለ። አንደኛው «የአገር ውስጥ ሠራተኛ» ይባላል፤ አቧራ ይበላል። ሌላኛው «ዓለም አቀፍ ባለሙያ» ይባላል፤ አቧራው ምን እንደሚመስል ለሌሎች ያስረዳል። አንደኛው ሲታመም «ከሥራ ቀረ» ይባላል፤ ሌላኛው ሲታመም አውሮፕላን ይላክለታል። የሰው ልጆችን እኩልነት በየግድግዳው የሚለጥፉ ሰዎች ይህችን ልዩነት የት እንደሚለጥፏት አይታወቅም። ፓዌንዴ ግን ልዩነቱ ይጥፋ ብሎ አያውቅም። ምኞቱ አጥሩን መዝለል ብቻ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ከተማ ዳካር ነች። የድርጅቱ ቀጠናዊ ቢሮ ዳካር ነው፤ መስኮቱ ባሕር ያያል ይባላል። ባሕር አይቶ አያውቅም። ቢሆንም ጧት ጧት ሸሚዙን ሲቆልፍ ማዕበሉ ይሰማዋል።

ሶላንዥ ቶኤ በዚያው ወር በዚያው በር ገባች። ከቱጋን የመጣች፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ልጅ ናት። መጀመሪያ ቀን ገና ወንበር ሳትይዝ ጠየቀችው።

«ስምህ ማን ነው?»

«ፓዌንዴ ሳዋዶጎ።»

«እሰይ! ሞሲ! እኔ ሳሞ ነኝ። በል አሽከሬ፣ ምን ቆመህ ታያለህ፣ ቦርሳዬን ተቀበለኝ እንጂ!»

«አይ ውሻ በላ!» አላት እሱም ሳይዘገይ። «የጥበቃውን ውሻ እንዲያስሩት ልንገራቸው፤ አለዚያ ለምሳሽ ታደርጊዋለሽ።»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። እንዲህ ነው የሁለቱ ነገዶች፣ የሞሲና የሳሞ ነገር፤ የስድብ ቀልዱ ራኪሬ ይባላል። ሞሲ ሳሞን፣ ሳሞ ሞሲን ባሻው ቦታ፣ ባሻው ሰው ፊት ያዋርዳል፤ የተሰደበ አይቆጣም፤ የተቆጣ እሱ ነው የተዋረደ። አያቶች ያኔ ሰይፍ ያስቀሩበት መላ ነው ይላሉ። ሰይፉ እውነት ቀርቷል። ምቀኝነት ግን ሰይፍ አይደለም፤ የትም ይገባል።

የፓዌንዴ አባት ሲሞቱ የሆነውን እንንገራችሁ። ሬሳው ተገንዞ፣ ጉድጓዱ ተምሶ፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ሳለ ሶላንዥ ከሞተር ወርዳ ሰዉን ጥሳ ገባችና ቀጥ ብላ መቃብሩ ውስጥ ተኛች።

«ይህ ሽማግሌ አይገባም!» ብላ ጮኸች ከጉድጓዱ ውስጥ። «ይህ ቦታ የኔ ነው! ሞሲ ለመሞት እንኳን ቦታ ይሰርቃል! ዶሮ ካላመጣችሁ አልወጣም!»

እናቱ እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ ሳቀች። አጎቶቹ ተንከተከቱ። ዶሮ መጣላት፤ «ይሄማ ከስቷል፣ እንደ ባለቤቱ ነው» ብላ መለሰችው፤ ሌላ መጣላት። ከዚያ ወጣች፤ አቧራዋን ሳታራግፍ የእናቱን እግር ይዛ ተቀመጠችና እስከ ማታ አልተነሳችም። ፓዌንዴም ከሰው ጋር ሳቀ። ሲስቅ ግን አንድ ነገር አየ፤ የገዛ አባቱ ቀብር ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነው። የበኩር ልጅ እሱ ሆኖ እያለ የቀብሩ ባለቤት እሷ ሆናለች። ከዚያ ቀን በኋላ እናቱ ስትደውል ገና «ደህና ነህ ወይ» ሳትለው «ያቺ ሳሞ ደህና ናት?» ትላለች። ቅናት በፓዌንዴ ሆድ ቤት የሠራው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ጎጆ ነበር፤ ኋላ ግንብ ሆነ።

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ። ሶላንዥ ሳትጸልይ አገኘች።

እንግሊዝኛ ተማረች። እሱ እንግሊዝኛ በቴፕ፣ በስልክ፣ በመጽሐፍ ሲያሳድድ ኖሮ አፉ ላይ ሲደርስ ትንቅንቅ ይገጥመዋል። እሷ ግን መናኸሪያ አጠገብ ጨርቅ ከሚነግዱ የጋና ሴቶች ጋር እየተከራከረች፣ እየተሳደበች፣ ዋጋ እያስቀነሰች ለመደችው። የጋና ሴቶች አቆላምጠው ይጠሯታል። ፓዌንዴ በዚያ ሲያልፍ አንዷ «ጓደኛህ የት አለች?» አለችው። «ጓደኛህ» መባሉም አንገበገበው፤ ሰው መስሎ የታየው እሷን ስላወቀ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከኩዱጉ ወዲያ ወዳለች መንደር አብረው ተላኩ። የአትክልቱ ጓሮ ያላቸው ሴቶች ምን እንደሚፈልጉ ጠይቃችሁ ኑ ተባሉ። ሙቀት ነበር፤ አቧራው ከንፈር ላይ ይጋገራል። ፓዌንዴ የመንደሩ ሹም ጥላ ሥር ተቀመጠ። ዶሎ ቀረበለት። የማሽላው ጠላ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቅሉም ትልቅ። ሹሙ ስለ ሴቶቹ ነገሩት፤ ሴቶች ምን እንደሚፈልጉ ከወንድ በላይ ማን ያውቃል! ሶላንዥ ጫማዋን አውልቃ በጓሮው ጭቃ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ውሃ ስትቀዳ ዋለች።

ሲመለሱ ፓዌንዴ በስብሰባው ላይ ተነስቶ አስረዳ። «ከሴት ተጠቃሚዎች ጋር ጥልቅ ምክክር አድርገናል።»

«አዎ» አለች ሶላንዥ። «አሽከሬ ቅሉን ሲያማክር ነው የዋለው። ቅሉም ባዶ እስኪሆን ድረስ ሐሳቡን ሰጥቶታል።»

ሁሉም ሳቀ። የድርጅቱ ኃላፊ ማዳም ኢልቡዶ ሳቀች፤ ሹፌሩ ላሳኔ ሳቀ። ማንም «እውነት ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ሳሞ ስለ ሞሲ ያለውን ማን ይመዝነዋል? ፓዌንዴ ላብ ላብ ብሎት ተቀመጠ። ልጅቷ እውነቱን በአደባባይ ተናግራ እውነቱን ደበቀችለት። ልባም ሰው ቢሆን ያን ቀን «አመሰግናለሁ» ይላት ነበር። እሱ ግን «ምን ያህል እንደምትንቀኝ እዩልኝ» አለ በሆዱ። የምቀኛ ሆድ እንዲህ ነው፤ ማር ብትሰጠው ንቡ የት ሄደ ብሎ ይጠረጥራል።

ከዚያ የዳካሩ ቦታ ወጣ። ከዋጋዱጉ ቢሮ አንድ ሰው ይፈለጋል፤ ዓለም አቀፍ ባለሙያ ይሆናል፤ ባሕር የሚያይ መስኮት። ብዙዎች ጠየቁ፤ ተጣሩ፤ ፓዌንዴና ሶላንዥ ብቻ ቀሩ።

ሹፌሩ ላሳኔ የሰማውን ሳይናገር ማደር አይችልም። ቤንጋ የምትሸጠዋ ሴት ዘንድ ሩዝና ባቄላ እየበሉ ሳለ ፓዌንዴን በክርኑ ነካው።

«ታላቄ፣ አንተና ሳሞዋ ናችሁ የቀራችሁት። አንደኛችሁ ሄደ፤ አንደኛችሁ ከኔ ጋር አቧራ ይበላል።»

«ማን ይመስልሃል?»

ላሳኔ ባቄላውን አላመጠ፤ ውሃ ጠጣ፤ ጥርሱን ፋቀ።

«አንተ ጎበዝ ነህ» አለው።

ከዚህ የባሰ መልስ የለም። «ጎበዝ ነህ» ማለት «እሷ ናት» ማለት ነው። ፓዌንዴ የቀረውን ባቄላ ትቶ ተነሳ።

ማዳም ፋዬ ከሁለቱ አንዱን ልትመርጥ ከዳካር መጣች። እርጋታ የሞላባት፣ ራሷን በሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ትልቅ ሴት ናት። የድርጅቱ ደንብ ነው፤ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ስለ ሌላው ለየብቻ ይጠየቃሉ። «ከባልደረባ በላይ ባልደረባን የሚያውቅ የለም» ይላል ደንቡ። ይህን ደንብ የጻፈ ሰው ባልደረባ ኖሮት አያውቅም።

ሶላንዥ ቀድማ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። በበሩ ስታልፍ «ግባ አሽከሬ፣ ጥርስህን ፋቅ አርገህ ግባ» ብላ አለፈች።

ፓዌንዴ ገባ። ከጧት ጀምሮ መስታወት ፊት ተለማምዷል። ቅሬታውን በሐዘን ሊናገር ነው፤ እያመነታ፣ እንደተገደደ ሰው።

«ስለ ማድሞዋዜል ቶኤ ይንገሩኝ» አለች ማዳም ፋዬ።

«ማዳም፣ እውነቱን ልናገር?»

«ለእሱ ነው ከዳካር የመጣሁት።»

«ሶላንዥ ውሸታም ናት።»

ማዳም ፋዬ መነጽሯን አስተካከለች። «ይቀጥሉ።»

«መንደር ስትላክ ሴቶቹን አታነጋግርም። የሹሙ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ ዶሎ ስትጠጣ ትውላለች። ከዚያ መጥታ ‹ጥልቅ ምክክር አደረግሁ› ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው ዳካር ቢሄድ… እኔ የምፈራው ለድርጅቱ ነው።»

ልብ በሉ! የራሱን ጉድ ነው ቀሚስ አልብሶ፣ ሻሽ አስሮ ለሶላንዥ የዳረላት። ጥላው የሱ፣ ቅሉ የሱ፣ ምክክሩ የሱ!

የማዳም ፋዬ ፊት ጠቆረ። ፓዌንዴ ያመነችው መሰለው፤ ባሕሩን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ ራሱን በመስኮቱ አጠገብ ቡና ይዞ ቆሞ አየ። እናቱ ደውላ መጀመሪያ ስለ እሱ ስትጠይቅ ሰማ።

«ይቅርታ» አለች ማዳም ፋዬ ድንገት። «የቤተሰብ ስምዎ ሳዋዶጎ ነው አይደል? ሞሲ ነዎት?»

«አዎ፣ ማዳም።»

«እሷስ ቶኤ… ከቱጋን… ሳሞ?»

«አዎ፣ ግን እሱ ከዚህ ጋር…»

ሳትጨርሰው ማዳም ፋዬ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ በሳቅ ፈነዳች። ያ ሁሉ እርጋታ ተናደ።

«ወይኔ! ልቤ ሊቆም ነበር እኮ! ደህና አድርገው አታለሉኝ! እኔ ሴሬር ነኝ፣ ሙስዬ ሳዋዶጎ፤ እኔም እንዲህ የምንሰዳደባቸው ጆላዎች አሉኝ! በተሾምኩ ቀን አንዱ ጆላ ባልደረባዬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቶ ‹ይህችን ሴት አትመኗት፣ ሩዝ ሰርቃ ነው ያደገችው› አለ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም!»

«ማዳም፣ እኔ እየቀለድኩ አይደለም።»

«በፍጹም! አይቀልዱም!» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ከልቤ ነው።»

«አያለሁ፣ ከልብዎ ነው። ፊትዎን ደግሞ እንዴት አድርገው አጠቆሩት!»

«በአባቴ መቃብር እምላለሁ!»

«ያ እሷ የተኛችበት?» አለችና እንደገና ጀመራት። «ጧት ነገረችኝ እኮ! ዶሮው ከስቷል ብላ መለሰችው! ይቅርታ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር፤ ግን እንደዚህ ያለ ፍቅር በሁለት ባልደረቦች መካከል… ቢሮዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነው የጎደለኝ።»

በማለ ቁጥር ሳቀች። አንገቱን በደፋ ቁጥር «እዩት፣ እዩት» አለች ለግድግዳው። ፓዌንዴ በዕድሜው አንድ ጊዜ ከልቡ ሊዋሽ ገብቶ ነበር፤ ውሸቱን የሚያምነው አጣ። እውነት ተናግሮ ያልታመነ ሰው «ሰማዕት» ይባላል። ዋሽቶ ያልታመነ ሰው ግን በየትኛውም ቋንቋ ስም አልወጣለትም፤ እስቲ ይውጣለት፣ «ፓዌንዴ» ይባል።

በማግስቱ ላሳኔ ማዳም ፋዬንና ማዳም ኢልቡዶን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ተመለሰ። ፓዌንዴን ፈልጎ ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር አገኘው።

«ታላቄ፣ ቁጭ በል።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አትነሳ። ሴቶቹ ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። ሳሞዋ ሄደች። ዳካር።»

ፓዌንዴ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

«ማዳም ፋዬ ምን አለች መሰለህ? ‹እንደዚያ የሚሰድባት ባልደረባ ካላት ምስክር አያስፈልጋትም› አለች። ምን ብለህ ሰደብካት? ሴትዮዋ መንገድ ሙሉ ስትስቅ ነበር።»

«ስለኔስ? ሶላንዥ ስለኔ ምን አለች?»

ላሳኔ ጣቶቹን አንቋቋ። አልፈለገም፤ ግን ላሳኔ ነው፤ ሳይናገር አያድርም።

«አመሰገነችህ።»

«እንዴት አመሰገነችኝ?»

«‹ትጉህ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ሥራውን ይወዳል፣ መካሪ አያስፈልገውም።› ይኸው ነው። አንድ ስድብ የለበትም፤ አሽከር እንኳን አላለችህም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ማዳም ፋዬ ግን ተጨንቃ ነበር። ‹ሳሞ ስለ ሞሲ ተጠይቃ አንድ ስድብ ካልወጣት ነገር አለ› አለች። ‹ወይ ተጣልተዋል፣ ወይ ሰውየው የማይነገር ጉድ አለበት፤ ልጅቷ ጨዋ ስለሆነች ነው የሸፈነችው።› ማዳም ኢልቡዶም ‹እኔም አሰብኩት› አለች።»

ፓዌንዴ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚያኝከው ነገር አገኘ። አመሰገነችው። ከልቧ ነው? እንደዚያ ከሆነ የገዛ ደግነቷ ነው እሱን የገደለው፤ ደግሞ ማንን ይከሳል? ወይስ አውቃ ነው? ሳሞ ሆና፣ ሞሲ ሲመሰገን ሰው ምን እንደሚል አውቃ፣ ለስለስ ባለ ቢላዋ ነው ያረደችው? እሱ ዋሽቶ ያልቻለውን እሷ እውነት ተናግራ ቻለችው? ይህን ሲያስብ ቅናቱ አዲስ ዓይነት ሆነ። በሥራዋ ብቻ አልነበረም አሁን የሚቀናባት። በክፋቷም ቀናባት። ክፋት ካላት ማለት ነው። ክፋት ከሌላት ደግሞ በደግነቷ ቀናባት። ከሁለት በኩል ተበላ።

የስንብቱ ዕለት ግቢው ውስጥ ወንበር ተደረደረ። የጓሮ ዶሮ ተጠበሰ፤ ቢሳፕ የሚባለው ቀይ የአበባ መጠጥ ቀዝቅዞ በትልቅ ባልዲ ቀረበ። ማዳም ኢልቡዶ ንግግር አደረገች፤ «አቅም ግንባታ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነሳችው አልቆጠርንም። ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ፓዌንዴ አዞረ። ሳሞ ሲሸኝ ሞሲ ዝም አይልም። ስድቡ ሲጠበቅ ነበር የዋለው፤ ላሳኔ ስልኩን አውጥቶ ለቀረጻ ተዘጋጀ።

ፓዌንዴ ተነሳ። መጀመሪያ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ሊቀመጥ አስቦ ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ግንቡ ተናደ።

«ሶላንዥ ቶኤ፣ አንቺ ውሻ በላ» አለ። ሳቅ ጀመረ። «ይህ ቦታ የኔ ነበር። ከኔ ነው የወሰድሽው። አባቴን ቀብሬ የኔ ቀብር ሳይሆን ያንቺ ቀብር ሆኖ ነው የቀረው። እናቴ ስትደውል ስላንቺ ነው የምትጠይቀው፤ ልጇ እኔ መሆኔን ረስታዋለች።» ሳቁ ጎላ። «ሴቶቹ አንቺን ነው የሚወዱት፤ የጋና ሴቶች አንቺን፤ ማዳም አንቺን። ምን አለሽ? ምንድን ነው ያለሽ? ስትወድቂ ለማየት በየቀኑ ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ መጥቻለሁ! አውሮፕላንሽ ዳካር እንዳይደርስ ተመኝቻለሁ። ከደረሰ ደግሞ መስኮትሽ ባሕሩን እንዳያይ፤ ግድግዳ ብቻ ይይ! ቢሮ ገብተሽ ስምሽን የሚያውቅ አይኑር! ሂጂ! ከፊቴ ሂጂ!»

ሰዉ በሳቅ ተንፈራፈረ። ማዳም ኢልቡዶ ወንበሯን ይዛ አጎነበሰች። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲውን ሳትደፋው ቀረች በአምላክ ቸርነት። ላሳኔ ስልኩን ይዞ በሳቅ ስለተንከተከተ ቀረጻው ሰማይ ሰማዩን ሆነ። «ሞሲ! ሞሲ! ሞሲ!» ብለው አጨበጨቡለት። ፓዌንዴ በሕይወቱ እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ቆሞ ተጨበጨበለት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቆመ። «እንባው! እንባውን እዩልኝ፣ ተዋናይ ነው እኮ!» አለች ማዳም ኢልቡዶ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም።

ሰው ወደ ዶሮው ሲበተን ሶላንዥ ፓዌንዴ ኒሙ ሥር ወደ ቆመበት መጣች። ፈገግታዋ የለም። ፍንጭቷ አይታይም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፓዌንዴ» አለችው። አሽከሬ አላለችውም። «ይህን ከልብህ ነው ያልከው፣ አይደል?»

ይኸው! በመጨረሻ አንድ ሰው አመነው! ለማዳም ፋዬ ማለላት፣ አባቱን ጠራ፣ አልታመነም፤ አሁን ሳይምል፣ ሳይጠራ፣ አንዷ ሰው፣ ያችው ሰው፣ አመነችው። ምን ይመስላችኋል ያለው?

«አይ አንቺ!» አለ ፓዌንዴ፤ ጥርሱን ሁሉ አሳየ። «ቀልድ ነው እንጂ! ራኪሬ አይደል እንዴ? ውሻ በልተሽ አእምሮሽ ደነዘዘ?»

ሶላንዥ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው።

«እሺ» አለች። «ቀልድ ይሁንልህ።»

«አንቺስ?» አለ እሱ፤ መጠየቅ አልፈለገም ነበር፤ ቃሉ አመለጠው። «ለማዳም ፋዬ ያልሽው? ያ ሙገሳ? የእውነት ነበር?»

«የቱን ትፈልጋለህ?» አለች ሶላንዥ። «የፈለግከውን ውሰድ።»

ሄደች። ተሰብሳቢው ወደ መኪናው ሸኛት፤ ላሳኔ ሻንጣዋን ጫነ። ፓዌንዴ ከኒሙ ሥር እጁን አወዛወዘ፤ መኪናው ከታጠፈ በኋላም ሲያወዛውዝ ነበር። ከዚያ ቢሮ ገብቶ ተቀመጠ። አንዷን ይመርጣል፤ ደግነቷን ይመርጣል፤ ያመዋል። ይተወዋል፤ ተንኮሏን ይመርጣል፤ ይብስበታል። እስካሁን እየመረጠ ነው። ሥራ ላይ ነው ያለው፣ የአገር ውስጥ ሠራተኛ ነው፣ አቧራ ይበላል። ሸሚዙ ግን እንደተተኮሰ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ፓዌንዴ ላይ ስትስቅ አይተንሃል። ደግ አደረግህ፤ ሳቅ ይገባዋል። አሁን ግን አንድ ነገር እንለምንሃለን፤ ትንሽ ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም። የተመኘኸውን ወንበር ሌላ ሰው የተቀመጠበት ቀን አለ፤ አብሮ አደግህ ይሁን፣ እህትህ ትሁን፣ ከጎንህ ያለው ጠረጴዛ ባለቤት ይሁን። ያን ቀን እጁን ጨብጠህ «እንኳን ደስ ያለህ» ብለኸዋል። በምን ድምፅ እንዳልከው አንተ ታውቃለህ። እስቲ ያንኑ ድምፅ፣ ምንም ሳትጨምርበት ምንም ሳትቀንስለት፣ አሁን ጮክ ብለህ አሰማን። ሌላ ማንም የለም። በል፣ ጀምር፦ «እንኳን…